ምትኩ መባል የነበረበት ፉርጎ

ልብ ወለድ ይተቻል፤ ግጥም ይተቻል፤ ቴአትርና ሥዕልም እንደዚሁ። ለመሆኑ በመዳፍ ላይ የሚቀመጥ የባቡር ፉርጎ ይተቻል ወይ? ጥያቄውን ያነሣሁት ለቀልድ አይደለም። ባለፈው ክረምት አንድ ሽማግሌ ወዳጄ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ቡናው እስኪፈላ አንድ የጫማ ካርቶን አወጡና ክዳኑን ከፈቱ። በጋዜጣ የተጠቀለለው ነገር ሲገለጥ፣ ርዝመቱ ከስንዝር ጥቂት የሚያልፍ፣ መልኩ የተወለወለ እንጨት የሚመስል፣ ባለ ብዙ መስኮት የመንገደኛ ፉርጎ ሆኖ ተገኘ።

‹‹ምንድን ነው ጋሼ?›› አልኳቸው።

‹‹አንደኛው የዓለም ጦርነት ያለቀው እዚህ ውስጥ ነው፤ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል›› አሉኝ።

ጋሼ ፈረንሳይ አገር ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረው፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ በመሥራት ሙያ ጡረታ ወጥተው የተመለሱ ሰው ናቸው። የጥርስ ሠሪ እጅ ሚሊ ሜትርን መናቅ አያውቅም። የመስኮቶቹን ጠርዝ፣ የበሮቹን እጀታ፣ በጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የአየር ማስወጫዎች እያየሁ ቡናው ቀዘቀዘብኝ። በጎኑ ላይ ከናስ የተቆረጡ ጥቃቅን አኃዞች ተለጥፈውበታል፤ 2419 ይላሉ።

ያን ቀን አድንቄ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ግን ስለ እውነተኛው ፉርጎ ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር፣ ስለዚያ ቁጥር አንድ ቅሬታ እያደረብኝ መጣ። ይህ ጽሑፍ የአድናቆቱም የቅሬታውም ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

የትንሽነት ሕግ

ሞዴል ባቡር በልዩ ልዩ መጠን ይሠራል። በዓለም ላይ ይበልጥ የተስፋፋው ‹‹ኤችኦ›› የሚባለው ሲሆን፣ በእርሱ ማንኛውም ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ አንሶ ይሠራል። በአብዛኛው አውሮፓ የሐዲድ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ87 ሲካፈል 16.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 20 ሜትር የነበረው ነገር 23 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ74 የሆነ ሰው 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ወረቀት፣ ለምሳሌ ጦርነት የሚያስቆም ውል የተጻፈበት ወረቀት፣ 3 ሚሊ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም።

ሒሳቡ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በእጅ ሲያዝ ግን ይወሳሰባል፤ ሁሉም ነገር እኩል ማነስ አይችልምና። ቀለምን እንውሰድ። በሞዴሉ ላይ የተቀባው ቀለም ውፍረቱ የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ ቢሆን፣ ወደ እውነተኛው መጠን ሲመለስ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ቀለም መሆኑ ቀርቶ ልስን ሆነ ማለት ነው። ክብደትም ሌላ ጣጣ አለው። ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት እያንዳንዳቸው 87 ጊዜ ሲያንሱ ክብደት ከ658 ሺህ ጊዜ በላይ ያንሳል። ስለዚህ 50 ቶን የሚመዝን ፉርጎ ሞዴል ሲሆን 76 ግራም ብቻ መመዘን ሊኖርበት ነው። እንዲህ የቀለለ ነገር በሐዲድ ላይ አልረጋ ስለሚል፣ ሠሪዎች ከወለሉ ሥር ብረት ይጨምሩበታል። መንኮራኩሩን ሐዲዱ ላይ የሚይዘው ከንፈርም ሆን ተብሎ ይወፍራል።

ከሁሉ የሚከፋው የመታጠፊያው ነገር ነው። በመኖሪያ ቤት ውስጥ የሚዘረጋ ሐዲድ 36 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ባለው ኩርባ ሊዞር ይችላል። ወደ እውነተኛው ሲመነዘር 31 ሜትር መሆኑ ነው። በእውነተኛ ዋና መስመር ላይ ግን የኩርባ ሬዲየስ የሚቆጠረው በመቶዎች ሜትር ነው። ረጅም የመንገደኛ ፉርጎ በዚህ ጠባብ ኩርባ ሲያልፍ መካከሉ ወደ ውስጥ፣ ጫፎቹ ወደ ውጭ ስለሚወጡ፣ ብዙ ፋብሪካዎች ለዓመታት ፉርጎዎቻቸውን ከልክ አሳጥረው ሲሸጡ ኖረዋል። ገዢውም ያውቃል፤ ያውቅና ይገዛል።

ጋሼ አላሳጠሩም። ‹‹እኔ የምሠራው ጥርስ ከድድ ጋር ካልገጠመ ሰውየው አይበላበትም›› ነው ያሉኝ። የእንጨቱን መልክ ያወጡት ናስ ላይ በብሩሽ ነው። እውነተኛውን የቲክ እንጨት ለምን አልተጠቀሙም ብዬ ብጠይቃቸው፣ የእንጨት ጭረት አብሮ አያንስም አሉኝ፤ በ23 ሴንቲ ሜትር ገላ ላይ የዛፉ ጭረት እንደ ገመድ ወፍሮ ይታያል። እንጨትን እንጨት ለማስመሰል እንጨትን መተው ግድ ሆነባቸው።

እንግዲህ ሞዴል ማለት በጥንቃቄ የተመረጡ ውሸቶች ስብስብ ነው። ሆኖም ማንንም አያሳስትም። ባለ 23 ሴንቲ ሜትር ፉርጎ ላይ ልሳፈር ብሎ ትኬት የሚጠይቅ የለም። ትንሽነቱ ራሱ ‹‹እኔ እርሱን አይደለሁም›› እያለ ይመሰክርበታል። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከምግብ ቤት ወደ ጦር ቢሮ

እውነተኛው 2419 የተሠራው በ1914 ፓሪስ አጠገብ በምትገኘው ሳን ደኒ ነው። ባለቤቱ ‹‹ቫጎን ሊ›› በሚል ስም የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የመኝታ ባቡር ኩባንያ ነበር። ይህን ኩባንያ በ1870ዎቹ ያቋቋመው ቤልጅጋዊው ዦርዥ ናጌልማከርስ ሲሆን፣ በ1883 ‹‹ኦሪየንት ኤክስፕረስ››ን ያስጀመረውም እርሱ ነው። ኩባንያው የየአገሩ ባቡሮች እየጎተቱ የሚወስዱለትን የመኝታና የምግብ ፉርጎዎች ያስተዳድር ነበር። ዛሬ በፖስተርና በሞዴል ሱቅ መስኮት የሚታዩት የኩባንያው ፉርጎዎች ሰማያዊ ሆነው በወርቃማ መስመር የተዋቡ ናቸው። ያ መልክ የመጣው ግን በ1922 የብረት ፉርጎዎች ሥራ ሲጀምሩ ነው። 2419 ከዚያ በፊት የነበረው ትውልድ ነው፤ ገላው ቫርኒሽ የተቀባ የቲክ እንጨት ነው።

የተሠራበት ዓላማ ምግብ ቤት እንዲሆን ነበር። አንደኛው ጫፍ ላይ ወጥ ቤት፣ ከዚያ ወዲያ ጠረጴዛዎችና ወንበሮች፤ መንገደኛው በመስኮት የፈረንሳይን እርሻ እያየ ሾርባውን የሚጠጣበት። ጥቂት ወራት እንደ ሠራ ጦርነቱ ፈነዳ።

በ1918 መጸው የኅብረቱ ጦር ጠቅላይ አዛዥ ማርሻል ፈርዲናን ፎሽ ተንቀሳቃሽ ቢሮ አስፈለጋቸው። ጦሩ 2419ን ወስዶ የመመገቢያውን ክፍል የስብሰባ ክፍል አደረገው፤ ትናንሾቹ ጠረጴዛዎች ወጥተው አንድ ትልቅ ጠረጴዛ ገባ። ኖቬምበር 8 ማለዳ ይህ ፉርጎ ከፓሪስ በስተሰሜን በሚገኘው በኮምፒየኝ ጫካ ውስጥ፣ ረቶንድ ከምትባል መንደር አጠገብ፣ ለከባድ የሐዲድ ላይ መድፍ ተብሎ በተዘረጋ ሐዲድ ላይ ቆሞ ነበር። በጎኑ ባለው ሌላ ሐዲድ ላይ የጀርመኖቹ ልዑካን ያሉበት ባቡር መጥቶ ቆመ። በጀርመን በኩል የቡድኑ መሪ ሲቪሉ ማቲያስ ኤርዝበርገር ነበሩ። በዚህኛው ወገን ፎሽ፣ የጦር ሹማቸው ጄኔራል ቬጋን፣ እንዲሁም እንግሊዛዊው አድሚራል ሮስሊን ዊምዝ ተቀምጠዋል።

ድርድር የሚባል ነገር እምብዛም አልነበረም። ውሉ ተነበበላቸው፤ ሦስት ቀን ተሰጣቸው። ኖቬምበር 11 ከንጋቱ በአውሮፓውያኑ ሰዓት 5 አልፎ ተፈረመ፤ ተኩስ የሚቆመው ግን ረፋድ ላይ 11 ሰዓት ሲሆን ነው ተባለ። በመካከሉ ባሉት ሰዓታት ወታደሮች መሞታቸውን አላቆሙም። ከውሉ አንቀጾች አንዱ የዛሬውን ጉዳያችንን ይመለከታል፤ ጀርመን 5,000 ሎኮሞቲቭና 150,000 ፉርጎ እንድታስረክብ ያዛል። በአንድ ፉርጎ ውስጥ ተቀምጠው 150,000 ፉርጎ የሰጡበትን ወረቀት ፈረሙ ማለት ነው። ኤርዝበርገር በዚያ ፊርማ የተነሣ በአገራቸው ‹‹ከዳተኛ›› የሚል ስም ተለጠፈባቸው፤ በ1921 በጥይት ተገደሉ።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ኩባንያው ፉርጎውን ለፈረንሳይ መንግሥት ሰጠ። ከ1921 እስከ 1927 ድረስ ፓሪስ በሚገኘው የኤንቫሊድ ግቢ ውስጥ ለሕዝብ ሲታይ ቆየ። የእንጨት ገላ ነውና ዝናቡና ፀሐዩ ጎዳው። ከዚያ በኋላ አርተር ሄንሪ ፍሌሚንግ የተባሉ የካሊፎርኒያ ባለጸጋ ገንዘብ ሰጥተው ታደሰ፤ ኖቬምበር 11 ቀን 1927 እዚያው ጫካ ውስጥ በተሠራለት ቤት ገባ። የወጥ ሳህን እንዲሸከም የተሠራ ፉርጎ ከዚያች ቀን ጀምሮ የድል ታቦት ሆነ።

እዚህ ላይ የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር አለ። ድሉን ፉርጎው ውስጥ ማስቀመጥ ማለት፣ ሌላው ወገን መጥቶ እንዲወስደው አድራሻ መስጠት ማለት ነው።

ሁለተኛው ፊርማ

በጁን 1940 ፈረንሳይ ተሸነፈች። ሂትለር የተኩስ ማቆሚያው ውል የትም እንዲፈረም አልፈለገም፤ እዚያው ጫካ፣ እዚያው ፉርጎ ውስጥ እንዲሆን አዘዘ። የጀርመን ወታደሮች የሙዚየሙን ግድግዳ አፍርሰው ፉርጎውን ጎትተው አወጡና በ1918 ቆሞበት ወደነበረው ቦታ መለሱት። ጁን 21 ቀን ሂትለር ገብቶ ፎሽ በተቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። የውሉ መግቢያ እንደ ተነበበ ብድግ ብሎ ወጣ። በማግስቱ ጄኔራል ካይተል ለጀርመን፣ ጄኔራል ሻርል ሁንትዚገር ለፈረንሳይ ፈረሙ። ዊልያም ሻይረር የተባለው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በቦታው ሆኖ ያየውን ለዓለም አሰምቷል።

ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ጀርመን ሌላ ቦታ አጥታ አልነበረም። የተፈለገው ዕቃው ነው። ያው ጠረጴዛ፣ ያው ወንበር፣ ያው መስኮት። አንድ ትራጄዲ በዚያው መድረክ ላይ ተዋንያኑ ሚና ተለዋውጠው ሲደግሙት እንደ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ተመልካቹ ሕዝብ ቲያትሩ ሲያልቅ ወደ ቤቱ መሄድ አለመቻሉ ነው።

ከዚያ ፉርጎው ምርኮ ሆኖ ወደ በርሊን ተወሰደ፤ ሉስትጋርተን በሚባለው አደባባይ ለሕዝብ ታየ። በጫካው ውስጥ የነበሩት መታሰቢያዎች እንዲጠፉ ታዘዘ፤ የፎሽ ሐውልት ብቻ ባዶውን ሜዳ እያየ እንዲቆም ተተወ። ይህን ስናነብ እኛ ኢትዮጵያውያን እንግዳ አይሆንብንም። በዚያው ዘመን ከባቡር ጣቢያችን ከለገሃር ፊት ለፊት ቆሞ የነበረው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በፋሺስቶች ተነቅሎ ሮም ተወስዷል፤ የተመለሰው በ1960ዎቹ ነው። የአክሱም ሐውልትም በ1937 ተወስዶ በ2005 ነው የተመለሰው። ድል አድራጊ ሁሉ የተሸናፊውን ዕቃ ይወድዳል። የእኛዎቹ ድንጋይና ነሐስ ስለነበሩ ጠበቁን፤ 2419 ግን እንጨት ነበር።

ጦርነቱ ወደ ጀርመን መሬት ሲቃረብ ፉርጎው ከበርሊን ወጥቶ ወደ ቱሪንጊያ ተወሰደ። በ1945 ክራቪንከል በምትባል ቦታ አካባቢ ተቃጠለ። በኤስኤስ ትእዛዝ ነው የሚሉ አሉ፤ በአደጋ ነው የሚሉም አሉ። የሆነ ሆኖ የቀረው አመድና ጥቂት ብረታ ብረት ነው። የ2419 ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል።

ማብቃት ነበረበት።

ወንድምየው

በ1950 የቫጎን ሊ ኩባንያ ለፈረንሳይ ሌላ ፉርጎ ሰጠ። ቁጥሩ 2439 ይባላል። ከተቃጠለው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ በአንድ ተከታታይ ሥራ የወጣ፣ በእንጨቱም በአሠራሩም መንትያው ነው ማለት ይቻላል። እንዲያውም ራሱ 2439 በ1918 ከፎሽ ባቡር ፉርጎዎች አንዱ እንደነበረ ይነገራል። ውስጡ እንደ ቀድሞው ተደራጀ፤ ጠረጴዛው ገባ፤ ማን የት እንደ ተቀመጠ ተጻፈ። ጎኑ ላይ የነበረው ቁጥር ግን ወረደ። በምትኩ 2419 ዲ የሚል ተለጠፈበት።

በእኛ አገር አንድ ልጅ ሞቶ ሌላ ሲወለድ የሚሰጥ ስም አለ፤ ምትኩ፣ ካሣ፣ ማስረሻ። እናት ልጇን ማስረሻ ስትል የምትረሳው ነገር እንዳለ እየተናገረች ነው። ስሙ በተጠራ ቁጥር የሞተው ልጅ አብሮ ይጠራል። የሟቹን ስም እንዳለ ወስዳ ለሕያው ብትሰጠው ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል። ያኔ ሁለት ልጅ ይጠፋል፤ የሞተው ሞቱን ያጣል፣ የተወለደው ሕይወቱን ያጣል።

2439 ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ይህ ፉርጎ ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ እስከ 1950 የራሱ ዕድሜ ነበረው። ሰው አብልቷል፤ አስተናጋጆች በሚወዛወዘው ወለል ላይ ሳህን ይዘው ሮጠውበታል። ያ ሁሉ በአንድ የናስ ቁጥር ለውጥ ጠፋ። 2419ም መቃጠሉ ተሸፈነ፤ ጎብኚው ቁጥሩን አይቶ ‹‹እነሆ ያ ፉርጎ›› ይላል።

ለፍርድ ሚዛናዊ መሆን ይገባልና የሌላውንም ወገን ክርክር ላቅርብ። ሙዚየሙ ዋናው እንደ ተቃጠለ አይደብቅም፤ ለሚጠይቅ ሁሉ ይናገራል። በ1950 የነበሩት ፈረንሳውያንም ክፋት አላሰቡም፤ ሂትለር ያጠፋውን እንዳልጠፋ ማድረግ ፈለጉ። ይህ ለተዋረደ ሕዝብ ትልቅ ነገር ነው። በኖቬምበር 2018 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮንና የጀርመኗ መራሒተ መንግሥት ሜርክል በዚህ ፉርጎ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው የክብር መዝገብ ላይ ሲፈርሙ፣ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ሁለት ጊዜ የተቀመጠው ጠላትነት አብሯቸው አልነበረም። ፉርጎው ዋናው ባይሆን ምን ቀረባቸው?

ክርክሩ ጠንካራ ነው። ቢሆንም አልረታኝም። ‹‹ለሚጠይቅ ይናገራል›› የሚለው ቃል ራሱ ችግሩን ያሳያል። የማይጠይቅስ? በጽሑፍ ከተለጠፈው ማብራሪያ ይልቅ በገላው ላይ ያለው ቁጥር ይጮኻል። ባዶ ሐዲድ፣ ወይም በራሱ ስም 2439 ተብሎ የቆመ ፉርጎ፣ ስለ 1918ም ስለ 1940ም ስለ 1945ም በአንድ ጊዜ ይናገር ነበር። የአሁኑ ስለ 1918 ብቻ አጥርቶ ይናገራል፤ ሌላውን በጽሑፍ ያብራራል።

ትልቅነቱም ሌላ ጣጣ ነው። ቀደም ሲል ይያዝልኝ ያልኩት ነጥብ እዚህ ላይ ይመጣል። ትንሹ ሞዴል በመጠኑ ምክንያት ሊዋሽ ቢፈልግም አይችልም። በሙሉ መጠን የቆመ አምሳያ ግን ከትንሽነት የሚመጣው ኑዛዜ የለውም። የሚናዘዝበት አንድ ቦታ ቁጥሩ ብቻ ነበር፤ እርሱንም ቀየሩት።

ወደ ጫማው ካርቶን ስንመለስ

አሁን የጋሼን ሥራ እንተች። የእጅ ሥራው እጅግ የሠመረ ነው። የጣሪያው ኩርባ፣ የመስኮቶቹ ርቀት፣ ከወለሉ ሥር ያሉት ሣጥኖች በልካቸው ናቸው። ውስጡን በመስኮት ስናይ ትልቁ ጠረጴዛ አለ፤ ወንበሮቹ ዙሪያውን ተደርድረዋል። ሰው አላስቀመጡበትም፤ ይህን ወደድኩላቸው። ባለ 2 ሴንቲ ሜትር ማርሻል ቢያስቀምጡ ኖሮ ፉርጎው የአሻንጉሊት ቤት በሆነ ነበር። ባዶው ወንበር ፎሽንም ሂትለርንም ያስታውሳል፤ የትኛውን ቀን እንደምናይ ለእኛ ይተውልናል።

አንደኛው ነቀፋዬ የጽዳቱ ነገር ነው። ቫርኒሹ እንደ ሠርግ ቤት መሶብ ያበራል። በ1918 ኖቬምበር የጦር ቢሮ ሆኖ የዋለ ፉርጎ የድንጋይ ከሰል ጥላሸትና የመጸው ጭቃ ሊኖርበት ይገባ ነበር። ጋሼ ሊያሳዩን የፈለጉት የጦርነቱን ፉርጎ ከሆነ፣ ያሳዩን የሙዚየሙን ፉርጎ ነው።

ሁለተኛውና ዋናው ነቀፋ ከዚሁ ይቀጥላል። ጋሼን ልኩን ከየት አገኙት ብዬ ጠየቅኋቸው። አራት ጊዜ ኮምፒየኝ ሄደዋል። ጎብኚ ወደ ውስጥ ስለማይገባ፣ ዙሪያውን እየዞሩ በመስታወቱ አሳልፈው ፎቶግራፍ አንሥተዋል፤ የመስኮቶቹን ብዛት፣ የእንጨቱን መልክ፣ የወንበሮቹን ቆዳ በማስታወሻ ደብተር ጽፈዋል። ደብተሩንም አሳዩኝ። ገጽ በገጽ የተለካው፣ የተሣለው፣ የተቆጠረው ሁሉ የ2439 ገላ ነው! ጋሼ ስድስት ዓመት ሙሉ አንዱን ሲያዩ ኖረው፣ ሲጨርሱ የሌላውን ስም ጻፉበት።

ይህን ስነግራቸው ዝም አሉ። ከዚያ ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ ‹‹አውቃለሁ›› አሉ።

‹‹ካወቁ ታዲያ?››

‹‹2439 ብዬ ብጽፍ ማን ያውቀዋል? የልጅ ልጆቼ መጥተው ሲያዩት፣ ይህ ጦርነት ያስቆመው ፉርጎ ነው ስላቸው ቁጭ ብለው ይሰሙኛል። ይህ ስሙ የማይታወቅ የምግብ ፉርጎ ነው ብላቸው ግን ይሄዱብኛል።››

ከዚያ በኋላ ብዙ አሰብኩበት። በ1950 ቁጥሩን የቀየሩትም ሰዎች ቢጠየቁ ከዚህ የራቀ መልስ የሚሰጡ አይመስለኝም፤ ሰው እንዲሰማልን ነው ይሉን ነበር። መታሰቢያ የሚሠራ ሰው ሁሉ፣ ሐውልት አናጺም ይሁን ታሪካዊ ልብ ወለድ ደራሲ፣ ይህ ፈተና አለበት። ታላቁ ስም አድማጭ ያመጣል፤ ትንሹ እውነት ያለ አድማጭ ይቀራል ብሎ ይፈራል። የታሪክ ልብ ወለዶቻችንን ያየ ሰው ይህን ፍርሃት ያውቀዋል፤ ንጉሡ ከነስሙ ሲገባ፣ ጉልቱን ያረሰው ገበሬ ስም የለሽ ሆኖ ይቀራል።

እኔ ግን የጋሼን የልጅ ልጆች ከእርሳቸው ይልቅ አምናቸዋለሁ። ልጅ 2419 የሚል ቁጥር ቢያይ የሚጠይቀው ነገር የለም፤ መልሱ አስቀድሞ ተሰጥቶታል። 2439 ቢያይና ውስጡ የጦርነቱ ጠረጴዛ እንዳለ ቢነገረው ግን፣ ‹‹ለምን ቁጥሩ ሌላ ሆነ?›› ይላል። ታሪኩ የሚጀምረው ከዚያ ጥያቄ ነው። ዋናው የት ሄደ? ማን ወሰደው? ማን አቃጠለው? ይህኛውስ ከዚያ በፊት ምን ይሠራ ነበር? ጋሼ የሚፈልጉት ረጅም ምሽት የሚገኘው ያኔ ነው።

የናሱ አኃዞች የተለጠፉት በሙጫ መሆኑን ነግረውኛል። ከአራቱ አኃዞች መነሣት ያለበት አንድ ብቻ ነው፤ 1 ወርዶ 3 ይተካል። ለጥርስ ሠሪ የአንድ ጥርስ ሥራ ነው። ለመሰነባበቻ ይህን ስላቸው ሳቁ እንጂ እሺም እምቢም አላሉኝም። ፉርጎውን በጋዜጣው ጠቅልለው ወደ ካርቶኑ መለሱት። እኔም በሚቀጥለው ቡና ቁጥሩን ለማየት ቀጠሮ ይዤ ወጣሁ።